ሰባት ሜትር

አውራ ጣቴን አታህልም።
አረንጓዴ ገላ፣ አምስት የወርቅ ጥርስ፣
ከወገቧ በታች ጠመዝማዛ መዳብ፣ እንደ ትል የሚልወሰወስ።
ነስረዲን፣ ከለገሃር ጀርባ፣ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ
በሦስት መቶ ብር ሸጠልኝ፣ ከሦስት ሃምሳ ተከራክሮ።
“የአውሮፕላን ጣቢያዋ ራዳር ታናሽ እህት ናት” አለኝ፤
“ሰባት ሜትር ታያለች። ፕላስ ከማይነስ አምታተህ ደግሞ፣ ተመልሰህ እንዳትጮህብኝ።”

ሠራተኛ ሰፈር ነው ቤታችን፤ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ እንጨት፣
ደረጃው በቀን ያቃስታል፤ ሰው ይጥላል ደግሞ በሌሊት።
“መብራቱን ማን ሳያጠፋ አደረ?” በሚል ስንት ጊዜ ተጣላን፤
ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ኩርፊያው ግን ለየብቻችን።
እናም እኔ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ፣
በእርጎ ዕቃ ከትቼ ሰቀልኳት፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ።
ሪሌ በየድኩላት፤ አምፖል ዳርኩላት።
ሰው ሲመጣ ቦግ፣ ሲያልፍ ድርግም፤
ጎረቤት መረቀኝ፣ ለአንድ ሳምንት።

ዐይን የላትም እሷ። ማንም የማይሰማው ጩኸት ትጮሃለች፣
ነክቶ ሲመለስ ማሚቶውን ታዳምጣለች፤
እንደሄደ ቢመለስላት፣ “ማንም የለም” ትላለች።
ትንሽ ተዛብቶ ከመጣ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል።
ቆሞ ለቀረ ሰው ግን ስም የላትም፤
ሞክሬዋለሁ፦ ዝም ብለህ ብትቆም፣ ከነሕይወትህ ትጠፋለህ።

በስምንተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ደረጃው ላይ ማንም ሳይኖር፣ ቦግ። ድርግም።
ደግሞ ቦግ።
ጋሽ ወንድይፍራው ከምድር ቤት ጸበል ይዘው መጡ፤
“አንተ ልጅ፣ በገንዘብህ ጋኔን ገዛህ” ብለው ተቆጡ።
ፍሬሰላም “ድመት ናት” አለች።
እኔ “ሪዚስተሩ ነው” አልኩ፤ ብለውጥ ብለውጥ ያው።

አንድ ሌሊት ብርድ ልብስ ደርቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤
እንዳትቆጥረኝ ብዬ ድንጋይ ሆንኩ።
አምፖሉ ጠፋ።
ከቴዎድሮስ አደባባይ በኩል አንድ መኪና አለፈ።
ከዚያ ከቺፑዱ ጀርባ፣ ከእትዬ አፀደ ክፍል፣
ኮሽ።
ቦግ።
እጅ ግድግዳ ሲደባብስ። እግር ሲጎተት። ትንፋሽ።
ሌላ እግር።
እትዬ አፀደ፣ በቴሌ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩት፣
ከመስከረም ወዲህ ግማሽ ጎናቸው የተኛባቸው፣
ቀን ቀን “እኔ እንግዲህ አልጋዬ ይበቃኛል” የሚሉን፣
ሌሊት ሌሊት መሄድ እየተማሩ ነበር፤
ማንም ሳያያቸው መውደቅ ፈልገው።

ለካ ቺፑድ ለእሷ መጋረጃ እንኳ አይደለም።

ለማንም አልነገርኩም። ግን ሰው ነኝና፣ ሦስት ሌሊት ቆጠርኩ፤
ቦግ ያለችውን ሁሉ በእርሳስ ሲጋራ ፓኮ ላይ ጻፍኩ፦
አሥራ አንድ። አሥራ አራት። አሥራ ዘጠኝ።
በአራተኛው አፈርኩ፤
የሰው እርምጃ ሰርቄ የምቆጥር፣ እኔ ማን ነኝ?
የወተት ጣሳ ቀደድኩና፣ ቆርቆሮውን ጠፍጥፌ፣
አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጌ፣ ከጀርባዋ ለጥፌ፣
ወረድኩ።
“ወጣ አይደል?” አሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው። “ወጣ” አልኳቸው።
ጸበሉ ሠራ ብለው ደስ አላቸው።
እትዬ አፀደንም ጨለማቸውን መለስኩላቸው።

በጥር፣ መብራት እስከ ቸርችል ድረስ በጠፋ ምሽት፣
ሻማ ልገዛ ስወርድ፣ መታጠፊያው ላይ እጅ ነካኝ።
“ማነው?”
“እኔ ነኝ።” ድምፃቸው፣ ከበራቸው ስድስት ደረጃ ዝቅ ብሎ።
“ምነው አምፖልህ አያየኝም? ሰው አይደለሁም?”
“መብራት ሄዷል፣ እትዬ።”
“እኔን ሳይጠብቀኝ?” ሳቁ። “በል እለፍ፣ መንገድ አትዝጋብኝ።”

ከላያችን፣ ያቺ ባለ አምስት ጥርስ፣ ዝም።
ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ።
ደረጃው አቃሰተ።
ብዙ ቆይቶ፣ ደግሞ አቃሰተ።
አልቆጠርኩም።